ሕመም ጠፋ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፦ «የኳስ ጉዳት ዕድል ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቅርቡ በእግር ኳስ ወዳጆች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ጸሐፊው ለብዙ ዓመታት በሰፈር ቡድኖች የተጫወቱ፣ ኋላም ታዳጊዎችን ያሠለጠኑ ሰው መሆናቸውን ይገልጻሉ፤ ለጨዋታው ያላቸው ፍቅርም ከአጻጻፋቸው ይታያል። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። የኳስ ጉዳት የዕድል ጉዳይ ስለሆነ በልምምድ የሚከላከሉት አይደለም፤ ያን ሁሉ ሐኪም የያዙት የአውሮፓ ክለቦች እንኳ ከጉዳት አልዳኑም። ከጨዋታ በፊት ጡንቻን ጥቂት ማሳሳብ ይበቃል። ወለም ያለ እግር ሳይቀዘቅዝ ወጌሻ ሊያሸው ይገባል። ወሳኝ ጨዋታ ሲመጣ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወግቶ መግባት የቆራጥነት ምልክት ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ውኃ ፈስሶበት ይቀጥላል። ሕመሙ የጠፋለት ድኗል። የመከላከያ ልምምድ የሚባለው ደግሞ ጊዜና ገንዘብ ላላቸው እንጂ ለእኛ ሜዳ አይሆንም።

ጽሑፉን ያመጡልኝ አዲስ አበባ ውስጥ የማሠለጥናቸው ሁለት የ16 ዓመት ልጆች ናቸው። አንደኛው ከቁርጭምጭሚት ወለምታ ገና በማገገም ላይ ነበር፤ አንብቦ ሲጨርስ «ጋሼ፣ እኔን እኮ ሕመሙ ከተወኝ አራት ቀን አለፈ፤ እንግዲያው ቅዳሜ እጫወታለሁ ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ይህን ምላሽ ለመጻፍ የተነሣሁት ለእሱ ጥያቄ ነው። ጸሐፊውን ለማሳነስ አይደለም፤ እሳቸው የጻፉትን እኔም በልጅነቴ እንደ እውነት ተቀብዬ ዋጋውን በገዛ እግሬ ስለከፈልኩ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዕድሉ ልጀምር። ጉዳትን ሁሉ ማስቀረት ይቻላል የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ከኋላ በመጣ ሸርተቴ ቅልጥሙ የተሰበረ ልጅ ምንም ያህል ቢዘጋጅ ላያመልጥ ይችል ነበር። ነገር ግን ተጫዋቾቻችንን ከሜዳ የሚያስወጣው ጉዳት ሁሉ እንዲህ ያለ ነውን? የኋላ ታፋ ጡንቻ በአብዛኛው የሚቀደደው ተጫዋቹ ብቻውን በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ ወይም እግሩን ዘርግቶ ኳስ ላይ ለመድረስ ሲሞክር ነው። ጉልበትን ከውስጥ የሚያጸናው የፊት መስቀለኛ ጅማትም ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ጉልበቱን ማንም ሳይመታው፣ ተጫዋቹ ሮጦ ድንገት ሲቆም፣ አቅጣጫ ሲቀይር ወይም ዘሎ በአንድ እግሩ ሲያርፍ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ሲታጠፍበት ነው። አጠገቡ ሰው በሌለበት የወደቀን ልጅ ዕድሉ ጣለው ከማለታችን በፊት ጡንቻው ለዚያ ፍጥነት ተዘጋጅቶ እንደ ነበረ፣ ሲያርፍስ ጉልበቱን እንዴት መያዝ እንዳለበት ያስተማረው ሰው እንደ ነበረ ልንጠይቅ ይገባል።

ይህ ጥያቄ በተግባር ተፈትኖ መልስ አግኝቷል። የፊፋ የሕክምና ምርምር ማዕከል ከኦስሎ የስፖርት ጉዳት ምርምር ማዕከልና ከአሜሪካ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በ2006 «11 ፕላስ» የተባለ የማሟሟቂያ መርሐ ግብር አዘጋጀ። በሦስት ክፍል የተመደቡ 15 እንቅስቃሴዎች አሉት፤ ስምንት ደቂቃ ዝግ ያለ ሩጫ ከዳሌና ከብሽሽት ማፍታቻ ጋር፣ ዐሥር ደቂቃ የጥንካሬ፣ የሚዛንና የዝላይ ልምምድ፣ ሁለት ደቂቃ ደግሞ ፈጠን ያለ ሩጫና አቅጣጫ መቀየር፤ በጠቅላላው 20 ደቂቃ ነው። በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 1,892 ሴት ተጫዋቾች የተሳተፉበትና በ2008 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ መርሐ ግብሩን በሠሩት ቡድኖች ላይ የደረሰው ከባድ ጉዳት ካልሠሩት ቡድኖች በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። በ2015 በታተመውና በአሜሪካ የኮሌጅ ወንድ ተጫዋቾች ላይ በተደረገው ጥናት ጉዳት በ46 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ለትንንሽ ልጆች የተዘጋጀው ዐይነትም በአራት የአውሮፓ አገሮች ተሞክሮ ጉዳቱን በግማሽ ያህል አሳንሶታል። ጉዳት ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሠራውም ላልሠራውም እኩል በደረሰ ነበር።

ጸሐፊው ስለ አውሮፓ ክለቦች ያነሡት ግን ጠንካራ ነጥብ ስለሆነ አልዘለውም። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር (ዩኤፋ) በታላላቅ ክለቦች ላይ ለሃያ ዓመታት ባካሄደው ክትትል፣ በ2001/02 የውድድር ዘመን ከጠቅላላው ጉዳት 12 በመቶ የነበረው የኋላ ታፋ ጡንቻ ጉዳት በ2021/22 ወደ 24 በመቶ ከፍ ብሏል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን ከቁጥሩ አይከተልም። ጨዋታው በእነዚያ ዓመታት እጅግ ፈጥኗል፣ የጨዋታ ቀናትም ተደራርበዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መድኃኒት መኖሩና መድኃኒቱ መወሰዱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዴንማርክ 50 ቡድኖችና 942 ተጫዋቾች በተሳተፉበት፣ በ2011 በታተመ ጥናት «ኖርዲክ» የሚባለውን የኋላ ታፋ ማጠንከሪያ ልምምድ የሠሩት ቡድኖች አዲስ የኋላ ታፋ ጉዳት ከግማሽ በላይ ቀንሶላቸዋል፤ የሚያገረሸው ደግሞ ከዚያም በላይ ቀንሷል። ሆኖም በ2015 የታተመ ሌላ ዳሰሳ በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ የሚጫወቱት ክለቦች አብዛኞቹ ይህን ልምምድ በተገቢው መጠን እንደማይሠሩት አረጋግጧል። ስለዚህ ጸሐፊው «ሠርተውት አልጠቀማቸውም» ሲሉ ያቀረቡት ምሳሌ በአመዛኙ ያልሠሩ ሰዎች ምሳሌ ነው።

የኖርዲክ ልምምድ ምንም ዕቃ አይፈልግም። ተጫዋቹ ይንበረከካል፤ ጓደኛው ከኋላ ሆኖ ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቹን ከመሬት ጋር አጥብቆ ይይዝለታል፤ ተጫዋቹም ከጉልበቱ እስከ ትከሻው ቀጥ እንዳለ ወደ ፊት በዝግታ ይወርዳል፤ መውደቁን በኋላ ታፋው ጡንቻ እየገታ ሄዶ፣ መያዝ ሲያቅተው በእጆቹ መሬት ይደገፋል። ጀማሪ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይበቃዋል፤ ሲጠነክር ከ7 እስከ 10፣ ቆይቶም ከ12 እስከ 15 ይደርሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጡንቻውን ስለሚያምም ብዙ ልጆች የሚያቆሙት ያኔ ነው። ሕመሙ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ እንደሚለቅ አስቀድሞ ሊነገራቸው፣ ጅማሬውም ከጨዋታ ዋዜማ ሊርቅ ይገባል።

ከጨዋታ በፊት ቆሞ ወይም ተቀምጦ ጡንቻን ማሳሳብ ይበቃል ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። በአውስትራሊያ ጦር ውስጥ በ1,538 ምልምሎች ላይ ተሞክሮ በ2000 የታተመው ጥናት ከልምምድ በፊት በሚያሳስቡትና በማያሳስቡት መካከል ይህ ነው የሚባል የጉዳት ልዩነት አላገኘም። ከዚህም ሌላ አንድን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ሳብ አድርጎ መያዝ ለጊዜው የጡንቻውን ኃይል ይቀንሳል። ማሳሳብ በራሱ ጎጂ አይደለም፤ ከጨዋታ በኋላ ወይም ማታ ቤት ውስጥ ቢሠራ ለመተጣጠፍ ይረዳል። የማሟሟቂያን ቦታ ግን ሊይዝ አይችልም። ማሟሟቅ ማለት ልብን ማፍጠን፣ ደምን ወደ ጡንቻ ማድረስና ሰውነት በጨዋታው የሚገጥመውን እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ እንዲለማመድ ማድረግ ነው።

ወደ ወለምታው ልለፍ፤ በሰፈር ሜዳዎቻችን ላይ ከሁሉ የሚበዛውና ከሁሉ የሚናቀው ጉዳት እሱ ነው። ወጌሻ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ሰዎችን ይጠራል፤ አንደኛው በየመንደሩ ስብራት የሚጠግነው ባለሙያ ሲሆን፣ ሁለተኛው በጨዋታ መካከል «ወጌሻው ወደ ሜዳ ገብቷል» ሲባል የምንሰማው የቡድን አካሚ ነው። የመጀመሪያውን አላንቋሽሽም። ሐኪም ቤት የሁለት ቀን መንገድ በሆነበት አገር ብዙ ሰው መልሶ ያቆመ ነው፤ እጁ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ ልምድ ይዟል። ነገር ግን ትኩስ ወለምታን ወዲያው ማሸት ትክክል ነው የሚለውን አልቀበልም። እግር ወደ ውስጥ ሲጠማዘዝ ከቁርጭምጭሚት ውጪ በኩል ያለው ጅማት ይለጠጣል ወይም ይቀደዳል፣ በዙሪያው ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይደማሉ። በዚያ ሰዓት በኃይል ማሸትና በሙቅ ነገር መተኮስ መድማቱንና እብጠቱን ያባብሳል፤ ከወለምታው ሥር ስብራት ተደብቆ ከሆነም ያናጋዋል። ታፋን በጉልበት በተመታ ተጫዋች ላይ ደግሞ ቶሎ ማሸት የባሰ ውጤት ሊኖረው ይችላል፤ የተጠራቀመው ደም በጡንቻው ውስጥ ወደ አጥንት የሚለወጥበት ጊዜ አለ። ስብራትን በቀርከሃ አጥብቆ አስሮ መተውም የደም ዝውውርን አቋርጦ እግር እስከ ማስቆረጥ እንደሚያደርስ የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች በሚገባ ያውቁታል።

የራሴን ልናገር። የ18 ዓመት ልጅ ሳለሁ ዘሎ ሲወርድ የነበረ እግሬ ሌላ ተጫዋች እግር ላይ አርፎ ተጠማዘዘ። በዚያው ማታ ሁለት ሰዎች ትከሻዬን ይዘውኝ በቅቤ ታሸሁ፤ ጩኸቴ እስከ ጎረቤት ተሰማ። በዐሥረኛው ቀን ሕመሙ ስለቀለለኝ ወደ ሜዳ ተመለስኩ፤ በዚያው ወር ያው እግር እንደገና ወለም አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ሆነ። በመጨረሻ ኤክስሬይ ስነሣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትንሽ ስብራት እንደ ነበረና ተጣሞ እንደ ገጠመ ተነገረኝ። ያሸኝ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ገንዘብም አልተቀበለኝም። የጎደለው ማሸት ከመጀመሩ በፊት «ይህ እግር ተሰብሮ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ነበር።

ይህን ጥያቄ ሐኪም ያልሆነ ሰው እንኳ በመጠኑ ሊመልሰው ይችላል። በካናዳዋ ኦታዋ ከተማ በ1992 የተነደፈ ቀላል መመዘኛ አለ። ወለም ያለው ሰው እንደ ተጎዳ ወዲያውም፣ ሲመረመርም፣ እያነከሰም ቢሆን፣ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም በሁለቱም የቁርጭምጭሚት ጎን ጎላ ብለው ከሚታዩት አጥንቶች አንዱ ከጫፉ እስከ ስድስት ሳንቲ ሜትር ባለው የኋላ ጠርዙ ሲጫን የሚያምመው ከሆነ፣ ኤክስሬይ መነሣት አለበት። የመሃል እግር አጥንት ሲጫን የሚያምም ከሆነም እንዲሁ ነው። ይህ ካልታየ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በፋሻ መጠነኛ ጫና መስጠትና ለሕመሙ ማስታገሻ ያህል በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለዐሥር ወይም ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ማኖር ይበቃል። በረዶ ያድናል ብዬ ግን አላስተምርም። «ዕረፍት፣ በረዶ፣ ፋሻ፣ ከፍ ማድረግ» የሚለውን ምክር በ1978 ያስፋፉት አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ራሳቸው በ2014 በረዶና ሙሉ ዕረፍት መዳንን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ በግልጽ ጽፈዋል። እብጠቱ ሲቀንስ እግርን ማንቀሳቀስና ሕመም በፈቀደው መጠን ክብደት መጣል ይጀመራል፤ ወር ሙሉ አልጋ ላይ መዋልም እንደ መታሸቱ ስሕተት ነው።

ብዙ ሰው ሳይሠራው የሚቀረው ደረጃ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ጅማት የሚያገለግለው እንደ ገመድ ብቻ አይደለም፤ እግር የት እንዳለና ወዴት እንደ ዘመመ ለአንጎል የሚናገር ስሜትም አለው። ጅማቱ ሲጎዳ ይህ ስሜት ይደበዝዛል፤ አንድ ጊዜ ወለም ያለ እግር ደጋግሞ ወለም የሚለውም በአብዛኛው ለዚህ ነው። በሆላንድ በ522 ስፖርተኞች ላይ ተሞክሮ በ2009 የታተመው ጥናት ለስምንት ሳምንት ቤት ውስጥ የተሠራ የሚዛን ልምምድ የወለምታን ማገርሸት ከሦስት አንድ እጅ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። ልጆቼን ጥርሳቸውን ሲቦርሹ በአንድ እግር እንዲቆሙ፣ ሲለመድ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ከዚያም ታጥፎ በተቀመጠ ብርድ ልብስ ላይ ቆመው ኳስ እየተቀባበሉ እንዲሠሩ አደርጋለሁ። ቅዳሜ እጫወታለሁ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ልጅ በዚያን ቀን በታመመው እግሩ ቆሞ ዐሥር ሰኮንድ መቁጠር አልቻለም። የሰጠሁት መልስ ይህ ነበር፤ እሱም ራሱ አየው።

ስለ መርፌው ጸሐፊው ያሉት አሳዝኖኛል፤ ምክንያቱም የሚያነቡት ታዳጊዎች ናቸው። ድርጊቱ በትልልቆቹም ዘንድ እንዳለ አልክድም። በ2010 በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ የቡድን ሐኪሞች ለፊፋ ባቀረቡት መዝገብ መሠረት ከተጫዋቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በውድድሩ ወቅት ሕመም ማስታገሻ ወስደዋል፤ ፊፋ ግን ይህን የዘገበው እንደ አደጋ እንጂ እንደ አርአያ አይደለም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመሙን ይሸፍናሉ እንጂ የተቀደደውን አይሰፉም። ሕመም ማለት ተጫዋቹ እንዲቆም የሚነገረው ቃል ነው፤ ቃሉ ሲታፈን ትንሹ ቅዳጅ ትልቅ ይሆናል። ጨጓራን ያቆስላሉ፤ በላብ ብዛት ውኃ ባጣ ሰውነት ላይ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳሉ። በመቀመጫ ላይ ያለ ቦታው የተወጋ መርፌ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ነክቶ እግርን ሊያሰንፍ እንደሚችልም ሊታወቅ ይገባል። ተጫዋች ያለ መርፌ መሮጥ ካልቻለ ለዚያ ቀን ጨዋታ ብቁ አይደለም።

የጭንቅላት ምት ከእግር ጉዳት ሁሉ የሚለይበት ነገር አለው፤ ተጎጂው ራሱን መመስከር አይችልም። በ2014 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ክራመር በ17ኛው ደቂቃ ፊቱን ከተጋጣሚ ትከሻ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ፤ ተነሥቶም እስከ 31ኛው ደቂቃ ድረስ ተጫወተ። በዚያ መካከል ዳኛውን ኒኮላ ሪዞሊን «ይህ የፍጻሜ ጨዋታ ነው ወይ?» ብሎ እንደ ጠየቃቸው ዳኛው ተናግረዋል። የዓለም ምርጥ ሐኪሞች በተሰለፉበት ሜዳ ይህ ከሆነ በእኛ ሰፈር ውኃ ፈስሶበት የሚገባው ልጅ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም። ራሱን የሳተ፣ ግራ የተጋባ፣ ያስመለሰው፣ የማዞር ስሜት ያለው ወይም ሁኔታው ያላማረ ተጫዋች በዚያን ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፤ ጥርጣሬ ካለም ይወጣል። የእግር ኳስ ሕግ አውጪው አካል ከ2021 ጀምሮ ሲሞከር የቆየውን ለአንጎል መናወጥ የሚፈቀድ ተጨማሪ ቋሚ ቅያሪ በ2024 በሕጉ ውስጥ ያስገባው አሠልጣኙ ቅያሪ ለመቆጠብ ሲል ልጁን እንዳያቆይ ነው። ማስታወክ ከደጋገመ፣ ራስ ምታቱ ከባሰ ወይም ልጁ እንቅልፍ እየጣለው ከሄደ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

አሁን የጽሑፉ ምሰሶ ወደ ሆነው ነጥብ ደረስኩ፤ ሕመሙ የጠፋለት ድኗል ወደሚለው። ከዚህ በፊት የደረሰ ጉዳት የሚቀጥለውን ጉዳት ከሚጠሩ ነገሮች ሁሉ ዋነኛው ነው፤ ለዚህ ምክንያቱ ሰውነት ደካማ ሆኖ መፈጠሩ ሳይሆን ጥገናው ሳያልቅ ሥራ መጀመሩ ነው። የተቀደደ ጡንቻ ሕመሙ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ሊጠፋ ይችላል፤ በቅዳጁ ቦታ የበቀለው ጠባሳ ግን ገና ለስላሳ ነው፤ በዙሪያው ያለው ጡንቻም በዕረፍቱ ሰንፏል። መራመድ የማያምመው ሰው በሙሉ ፍጥነት መሮጥ ያስችለኛል ብሎ ሲያስብ ሰውነቱ ያልፈረመበትን ውል ይፈርማል።

ብራዚላዊው ሮናልዶ ምስክር ይሁነኝ። በኅዳር 1999 ለኢንተር ሚላን ሲጫወት የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተጎድቶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ወደ አምስት ወር ገደማ ቆይቶ በሚያዝያ 2000 በኢጣሊያ ዋንጫ ፍጻሜ ከላሲዮ ጋር ተቀይሮ ገባ፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተጫውቶ፣ ማንም ሳይነካው፣ ኳስ ይዞ ሊያታልል ሲል ያው ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጠሰ። ሁለተኛው ማገገም ግን ረጅምና ትዕግሥት የተሞላበት ነበር። በ2002 የዓለም ዋንጫ ስምንት ግብ ሲያስቆጥር ያየነው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። የ1999ኙ ጉልበትና የ2002ቱ ጉልበት የአንድ ሰው ናቸው።

ስለ ፊት መስቀለኛ ጅማት ደግሞ ከምሳሌ ያለፈ መለኪያ አለ። ተጎጂዎችን ተከታትሎ በ2016 የታተመው ጥናት፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ወደ ስፖርት መመለስ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ጉልበት እንደገና የመጎዳት ዕድሉ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ዘጠኝ ወር ሞላ ማለትም ብቻውን ፈቃድ አይደለም፤ የታፋው ጡንቻ ጥንካሬና የአንድ እግር ዝላይ ርቀት ከጤነኛው እግር ቢያንስ 90 በመቶ መድረስ አለበት። ለዝላዩ ሜትርና ኖራ ይበቃል፤ ማሽን የለንም የሚለው ምክንያት እዚህ አይሠራም። ቀዶ ጥገና ለማድረግ አቅም ያጣ ወጣትም ተስፋ መቁረጥ የለበትም። በስዊድን በ121 ወጣቶች ላይ በተደረገውና በ2010 በታተመው ጥናት፣ መጀመሪያ በልምምድ ብቻ እንዲያገግሙ ከተደረጉት መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሁለት ዓመት ውስጥ ቀዶ ጥገና አላስፈለጋቸውም፤ የጉልበታቸው ሁኔታም ወዲያው ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ጋር ተቀራራቢ ነበር። የሁለቱም ወገን መሠረት በፊዚዮቴራፒስት የተመራ፣ ወራት የወሰደ የጡንቻ ልምምድ ነው።

እኔ በቡድኔ የምከተለው መሰላል ቀላል ነው። ተጫዋቹ መጀመሪያ ሳያነክስ ፈጠን ብሎ ይራመዳል፤ ከዚያ በቀጥታ መስመር ዝግ ብሎ ይሮጣል፤ ቀጥሎ ፍጥነቱን ይጨምራል፤ ከዚያ አቅጣጫ ይቀይራል፤ ከዚያ ከኳስ ጋር ብቻውን ይሠራል፤ ከዚያ ከጓደኞቹ ጋር ያለ ግጭት፣ በኋላም ከነግጭቱ ሙሉ ልምምድ ያደርጋል፤ ጨዋታ የሚገባው ቢያንስ ጥቂት ሙሉ ልምምዶችን ጨርሶ፣ መጀመሪያም ለሃያና ለሠላሳ ደቂቃ ብቻ ነው። በማንኛውም ደረጃ ሕመም ወይም እብጠት በማግስቱ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ይወርዳል። ልጁ መፍራቱን ከነገረኝም አላስገድደውም፤ ፈርቶ የሚጫወት ሰው እግሩን ስለሚሰበስብ ሌላ ቦታ ይጎዳል።

ጸሐፊው በሰሜን አሜሪካ ስለሚኖሩ ወገኖቻችን ያነሡትም አንድ ቃል ይገባዋል። ከ1984 ጀምሮ ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን በሚያደርጉት የእግር ኳስ ውድድር ብዙ ተጫዋች የሚጎዳው ዕድሜው ስለገፋ ነው ይላሉ። ዕድሜ ድርሻ እንዳለው አልክድም። ዋናው ግን ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ የዋለ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ ጨዋታ መጫወቱ ነው፤ ጡንቻና ጅማት ሸክም የሚለምዱት በሳምንታት እንጂ በቀናት አይደለም። ለውድድሩ የሚሄድ ሰው ከሚያዝያ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ 11 ፕላስን ቢሠራና ሩጫውን በየሳምንቱ በትንሹ ቢጨምር፣ የ40 ዓመት ሰውም የውድድሩን ሳምንት በእግሩ ቆሞ የመጨረስ ዕድሉ በእጅጉ ይሰፋል።

የቀረው የገንዘብና የጊዜ ነጥብ ነው። ገንዘቡን በሚመለከት፣ ከላይ ከተዘረዘሩት ልምምዶች አንዱም ከኳስ፣ ከጥቂት ምልክት ማስቀመጫና ከጓደኛ እጅ በቀር የሚጠይቀው ነገር የለም፤ በምልክት ፋንታም የተሞሉ የውኃ ላስቲኮችን እናስቀምጣለን። በጊዜው ላይ ግን ጸሐፊው እውነት አላቸው። ሜዳ በሰዓት እየተከፈለበት ከስልሳ ደቂቃ ላይ ሃያውን ለማሟሟቂያ ስጡ ማለት ለልጆች ከባድ ነው፤ እኔም ለአንድ ዓመት ያህል በዚሁ ምክንያት ሳልሠራው ቀርቻለሁ። በኋላ ያገኘነው መላ ከእኛ በፊት ያለው ቡድን ሳይወጣ ሃያ አምስት ደቂቃ ቀድመን መድረስ ነው። ከአጥሩ ጎን ያለችው ጠባብ መሬት ለሩጫው ትበቃለች፤ ኖርዲኩን፣ የአንድ እግር ሚዛኑንና ዝላዩንም እዚያው እንጨርሳለን፤ ሜዳው ሲለቀቅልን የሚቀረን የመጨረሻው የሁለት ደቂቃ ሩጫ ብቻ ነው። ሌላው ቡድን በመጀመሪያው ሰሞን ቆሞ ያየን ነበር፤ ባለፈው ወር አሠልጣኛቸው መጥተው እንቅስቃሴዎቹን በወረቀት ጻፍልኝ አሉኝ፤ ጻፍኩላቸው። ጸሐፊውም ከፈቀዱ ማክሰኞና ሐሙስ ከዐሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እዚያው አጥር ጎን ነን፤ መጥተው ልጆቹን ቢያዩልኝ፣ ያ ወለም ያለው ልጅም የትኛው ደረጃ ላይ እንደ ደረሰ ራሳቸው ቢፈትኑት በደስታ እቀበላቸዋለሁ።